በሐዋሳ በሚካሄድ የማኅበራዊ ሚዲያና የሠራተኛ ቅጥር ጉባኤ ላይ እንዴት እንሳተፍ? ከዝግጅት እስከ ቀጣዩ ማስታወቂያ

የመሳተፊያ ክፍያውን ከመፈጸምዎ አስቀድሞ የመሥሪያ ቤትዎን ያለፈ አንድ ዓመት የቅጥር ፋይሎች ያውጡና ጠረጴዛዎ ላይ ያስቀምጡ። ማኅበራዊ ሚዲያን ለሠራተኛ ቅጥር ስለ መጠቀም በሚመክር ጉባኤ ላይ ብዙ መልካም ነገር ይነገራል፤ ቴሌግራም፣ ሊንክድኢን፣ ፌስቡክና ቲክቶክ በየተራ ይነሣሉ፣ ተናጋሪዎቹም አብዛኛውን ጊዜ የተዋጣላቸው ናቸው። ነገር ግን ከራሱ መሥሪያ ቤት የመነጨ ጥያቄ ሳይዝ የሄደ ተሳታፊ የሰማው ሁሉ እኩል ጠቃሚ ስለሚመስለው፣ ሲመለስ የትኛውን ከሥራው ጋር እንደሚያገናኝ ይቸግረዋል። እኔ ሐዋሳ ውስጥ በሰው ሀብት ሥራ ላይ የተሰማራሁ ነኝ፤ በመጀመሪያዎቹ ጉባኤዎች ማስታወሻ ደብተሬን ሞልቼ ተመልሼ፣ ከጻፍኩት ውስጥ አንዱንም ሥራ ላይ ሳላውል ወራት እንዳለፉ አስታውሳለሁ። ይህን የምጽፈውም በተለይ በአነስተኛና በመካከለኛ ድርጅቶች ውስጥ ምልመላውንም፣ ማስታወቂያውንም፣ ደመወዙንም በአንድ እጅ ለሚይዙ ባልደረቦቼ ነው።

ከፋይሎቹ ውስጥ አምስት የሥራ መደቦችን ይምረጡ። ለእያንዳንዱ መደብ ማስታወቂያው የት እንደወጣ፣ ስንት ሰው እንዳመለከተ፣ ከአመልካቾቹ ስንቱ መስፈርቱን እንዳሟላ፣ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ሠራተኛው ሥራ እስከ ጀመረበት ቀን ስንት ቀን እንደወሰደ፣ በመጨረሻም የተቀጠረው ሰው የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ በሥራው ላይ መቆየቱን በአንድ ገጽ ላይ ይመዝግቡ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ፣ ይህ ገደብ ለመለኪያነት በእጅጉ ይመቻል። ከቅጥር በኋላ 60 የሥራ ቀን ሲሞላ ሰውየው አለ ወይስ ሄዷል የሚለው ጥያቄ፣ ማስታወቂያውን ስንት ሰው አየው ከሚለው ይልቅ ስለ ምልመላችን ጥራት ብዙ ይነግረናል።

ይህ ገጽ ሲሞላ ጥያቄው ራሱ ብቅ ይላል። ለምሳሌ ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ መደብ በቴሌግራም 400 ሰው አመልክቶ መስፈርቱን ያሟሉት 9 ብቻ ሆነው፣ በሠራተኞች ጥቆማ ከመጡት 12 አመልካቾች ግን 6ቱ ብቁ ሆነው ተገኙ እንበል። እንግዲህ ጥያቄዎ «ቴሌግራምን እንዴት እንጠቀም?» የሚል አይሆንም፤ «ማስታወቂያችን ውስጥ ምን ስለጎደለ ነው መስፈርቱን የማያሟላ ሰው ይህን ያህል የሚያመለክተው?» የሚል ይሆናል። ይህንኑ በማስታወሻ ደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በጉልህ ይጻፉት። ከአንድ በላይ ጥያቄ መያዝ ይቻላል፤ ከሦስት በላይ ግን ባይሆን እመርጣለሁ።

የጉባኤው መርሐ ግብር ሲደርስዎ የርእሶቹን ማማር ትተው የተናጋሪዎቹን ሥራ ይመልከቱ። አንዳንዱ ተናጋሪ ራሱ ሰው የሚቀጥር ነው፤ ሌላው ለቀጣሪዎች አገልግሎት ወይም ሶፍትዌር የሚሸጥ ነው። ሁለቱም የሚነግሩን አላቸው፤ ሁለተኛው ስለሚሸጠው ነገር ችግር በዝርዝር ሊነግረን እንደማይገደድ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። በተመሳሳይ ሰዓት ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ከተገጣጠሙ የቀጣሪውን ይምረጡ፤ የሌላውን የማሳያ ጽሑፍ ኋላ ጠይቆ ማግኘት አያስቸግርም።

ስለ ጉዞው ጥቂት ልበል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለውን የፍጥነት መንገድ የሚጠቀም ሰው ጉዞው ይቀልለታል፣ ቢሆንም በዕለቱ ማለዳ ተነሥቶ ለመክፈቻው እደርሳለሁ ማለት አያዋጣምና በዋዜማው ይግቡ። የድጋፍ ደብዳቤና የውሎ አበል ጥያቄ በመሥሪያ ቤትዎ ፊርማ ለመዞር ስንት ቀን እንደሚፈጅ እርስዎ ያውቁታል፤ ያንን ቀን ቆጥረው አስቀድመው ያስገቡ። የጉባኤው ቀን ከፊቼ ጨምበላላ በዓል ወይም ከታኅሣሥ 19 እና ከሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓላት ጋር ከተጠጋ ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ የመኝታ ክፍል ቀደም ብሎ መያዝ ግድ ነው። በመጥሪያው ላይ 9:00 የሚል ካዩ ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ይሁን ከቀኑ 9 ሰዓት፣ አዘጋጆቹን ደውለው ያረጋግጡ።

አዳራሽ ውስጥ

የመክፈቻ ንግግርና የክብር እንግዶች መልእክት ብዙ ጊዜ ከታቀደለት ሰዓት ያልፋል። በዚያ ጊዜ ስልክዎን ከመነካካት ይልቅ በአጠገብዎ የተቀመጠውን ሰው ይተዋወቁ፤ ከየት እንደመጣ፣ በመሥሪያ ቤቱ ለመሙላት የሚያስቸግረው የሥራ መደብ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁት። ይህች ሁለተኛዋ ጥያቄ ስለ ኃላፊነቱና ስለ ማዕረጉ ከመጠየቅ የተሻለ ጨዋታ ትከፍታለች፤ ቅጥር ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ እንቅልፍ የሚነሣው ክፍት የሥራ ቦታ አለውና።

ገለጻዎቹ ሲጀምሩ ጆሮዎን ለቁጥሮች ያቁሙ፤ የትኛው ቁጥር ምን እንደሚለካም ለይተው ይያዙ። በቴሌግራም ቻናል ላይ ከእያንዳንዱ መልእክት ግርጌ ከዓይን ምልክት ጋር የሚታየው ቁጥር የእይታ ቁጥር ነው፤ መልእክቱ ወደ ሌላ ቻናል ወይም ግሩፕ ሲተላለፍ እዚያ ያዩትም ይጨመሩበታል። ስለዚህ አንድ ተናጋሪ «ማስታወቂያችን 50 ሺህ እይታ አገኘ» ቢል፣ የሚናገረው ስለ ዓይን እንጂ ስለ አመልካች አይደለም። የቻናል ተከታይ ብዛት፣ የእይታ ብዛት፣ የማመልከቻ ብዛት፣ የብቁ አመልካቾች ብዛትና የተቀጣሪዎች ብዛት አምስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው በወረድን ቁጥር አኃዙ አብዛኛውን ጊዜ እያነሰ፣ ትርጉሙ ግን እየከበደ ይሄዳል። ማይክ ሲደርስዎ መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው፦ «ከዚህ ሁሉ እይታ ስንት ሰው አመለከተ? ከተቀጠሩት ውስጥስ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰው ስንት ነው?» ይህን በትሕትና መጠየቅ ተናጋሪውን መፈታተን አይደለም፤ ሥራውን በሚገባ የሠራ ሰው መልሱን በደስታ ይናገራል፣ አዳራሹም ከዚያ መልስ ይማራል።

ከውጭ አገር ልምድ የተወሰዱ ምክሮች ሲቀርቡ ወደ እኛ ሁኔታ የሚያሻግራቸውን ጥያቄ አብረው ያዘጋጁ። በፌስቡክ ወይም በሊንክድኢን ላይ የሚከፈልበት ማስታወቂያ እንድናወጣ ሲመከር፣ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለብዙዎቻችን ቀላል ስላልሆነ ተናጋሪው ወይም ድርጅቱ ከኢትዮጵያ ሆኖ በምን መንገድ እንደከፈለ ይጠየቅ። አመልካች በኮምፒውተር ረጅም ቅጽ እንዲሞላና ከባድ ፋይሎችን እንዲያያይዝ የሚጠይቅ አሠራር ሲቀርብም፣ ስልክ ብቻ ያለውና የኢንተርኔት ጥቅል በቀን እየገዛ የሚጠቀም ወጣት በዚያ ቅጽ በኩል ማለፍ ይችል እንደሆነ ይጠየቅ። ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ እንደመሆኗ የቋንቋም ጥያቄ አለ፤ ማስታወቂያ በአማርኛ ብቻ ሲወጣና በሲዳሙ አፎ ታክሎበት ሲወጣ የሚያመለክተው ሰው ይለያይ እንደሆነ ሞክሮ ያየ ቀጣሪ በአዳራሹ ውስጥ ካለ፣ የእርሱን ልምድ መስማት ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

ማኅበራዊ ሚዲያ የማይደርስበት ሥራ መኖሩንም አይርሱ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን፣ አብዛኞቹም ወጣት ሴቶች የሆኑትን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲመለምል ዋነኛ መንገዱ በየወረዳውና በየቀበሌው የሚደረግ ምዝገባ ነበር። ከገጠር ለምትመጣ የስፌት ሠራተኛ ወሬው የሚደርሳት በቀበሌ ሠራተኛ፣ በዘመድ ወይም አስቀድማ በገባች ጓደኛዋ በኩል ነው። በጉባኤው ላይ ስለ ዲጂታል ምልመላ የሚነገረውን ሁሉ በዚህ መዝኑት፦ እኔ የምፈልገው ሠራተኛ በእርግጥ ስልኩን ከፍቶ ሥራ ይፈልጋልን? መልሱ አይደለም ከሆነ ያ ክፍለ ጊዜ ለሌላ መደብ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለዚህኛው አይሆንም።

ስለ ሁለት ጉዳዮች ግን ሳይጠይቁ እንዳይወጡ አደራ እላለሁ። የመጀመሪያው የአመልካችን የግል ገጽ ማየት ነው። አንድን አመልካች ለቃለ መጠይቅ ከመጥራታችን በፊት ፌስቡኩን ወይም ቲክቶኩን መፈተሽ ዛሬ የተለመደ ሆኗል። ችግሩ እዚያ ገጽ ላይ የምናየው ለሥራው የሚፈለገውን ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ብሔሩን፣ ሃይማኖቱን፣ የፖለቲካ አመለካከቱን፣ አንዳንዴም የጤናውን ሁኔታ ሳንፈልግ እናውቃለን፤ ካወቅን በኋላ ደግሞ ውሳኔያችን ከዚያ ንጹሕ ነው ብሎ መማል ከባድ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ በእነዚህ ምክንያቶች በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ስለዚህ በጉባኤው ላይ የአመልካቾችን ገጽ እንደሚፈትሹ የሚናገሩ ቀጣሪዎች ካሉ፣ ማን እንደሚፈትሽ፣ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚፈትሽ፣ የተገኘው ነገር የት እንደሚመዘገብና አመልካቹ አስቀድሞ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቋቸው። በእኔ እምነት ለሕዝብ ክፍት ከሆነ የሙያ ገጽ፣ ለምሳሌ ከሊንክድኢን፣ ወይም አመልካቹ ራሱ በማመልከቻው ላይ ካስቀመጠው የሥራ ናሙና አልፎ መሄድ አያስፈልግም።

ሁለተኛው የሐሰት ማስታወቂያ ነው። የታወቀ ድርጅት ስምና ዓርማ በተለጠፈባቸው የቴሌግራም ቻናሎች የሌለ ሥራ እየተነገረ፣ «ለምዝገባ» ወይም «ለሥልጠና» በሚል ገንዘብ የሚከፍሉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ጉዳቱ በወጣቶቹ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ስማችን በእንዲህ ያለ ማስታወቂያ አንዴ ከተነሣ እውነተኛውን ማስታወቂያችንንም የሚያምን አይኖርም። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ እንኳ ከሠራተኛው ላይ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ አይቀበልም፤ ይህንን አብዛኛው ሥራ ፈላጊ አያውቅም። በጉባኤው ላይ የሚያገኟቸውን ቀጣሪዎች ትክክለኛ ቻናላቸውን ሕዝቡ በምን እንደሚለይ ይጠይቋቸው። እኔ የማውቃቸው የሚሠሩ መንገዶች ሁለት ናቸው፤ የቻናሉን ትክክለኛ አድራሻ በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ባለው ሰሌዳና በደብዳቤ ወረቀቱ ላይ ማተም፣ በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ግርጌም «ለዚህ ቅጥር በማንኛውም ደረጃ ክፍያ አንጠይቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር ማስፈር። ከዚህ የተሻለ ያገኘ ሰው በጉባኤው ላይ ካለ ሌላ ማስታወሻ ባይዙ እንኳ የእርሱን ይያዙ።

ስለ ፎቶና ስለ ቀጥታ ልጥፍ

ጉባኤው ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ስለሆነ ሁሉም ሰው ስልኩን አንሥቶ ማካፈሉ አይቀርም፤ መልካም ነው፣ መሥሪያ ቤትዎንም ያስተዋውቃል። ነገር ግን በአንድ ጉባኤ ላይ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። አንድ ተናጋሪ በማያ ገጹ ላይ የማመልከቻ ሰንጠረዥ አሳየ፤ እኔም ፎቶ አንሥቼ ወዲያው በቻናላችን ላይ ለጠፍኩት። ሰንጠረዡ ውስጥ የእውነተኛ አመልካቾች ስምና የስልክ ቁጥር እንዳለ ያስተዋልኩት አንድ ባልደረባዬ ደውላ ስትነግረኝ ነበር። አጠፋሁት፤ ነገር ግን በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ሌሎች ግሩፖች ተላልፎ ስለነበር ከእጄ ወጥቷል። ሥራ መፈለጋቸውን አሠሪዎቻቸው እንዳያውቁ የፈለጉ ሰዎች በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ ሳስብ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰውን የግል መረጃ በአግባቡ መያዝ የሕግ ግዴታ ነው። ስለዚህ ማያ ገጹን ካነሡ ከመለጠፍዎ በፊት ፎቶውን አጉልተው ከዳር እስከ ዳር ያንብቡት፤ በሻይ ዕረፍት ላይ የሚያነሧቸውን ሰዎችም ፈቃድ ይጠይቁ፣ አለቃው የማያውቅበት ተሳታፊም ሊኖር ይችላልና። እኔ አሁን በገለጻ መካከል አልለጥፍም፤ ማታ ተረጋግቼ ከዕለቱ የተማርኩትን አንድ ነገር በራሴ ቃል እጽፋለሁ፣ እንዲህ ያለውን ልጥፍ ሰዎች በጥሞና አንብበው መልስ ሲሰጡበት አይቻለሁ።

የሻይ ዕረፍትና የማታው ጊዜ

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የሚገኘው በዕረፍት ሰዓት ነው፤ ሰው በማይክ ፊት የማይናገረውን ውድቀት በሻይ ሲኒ ፊት ይናገራል። ሃምሳ የስም ካርድ መሰብሰብ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ይልቁንም እንደ እርስዎ ዓይነት ሠራተኛ የሚቀጥር አንድ ወይም ሁለት ሰው ፈልገው ጊዜዎን ለእነርሱ ይስጡ፤ እርስዎ የሆቴል መስተንግዶ የሚቀጥሩ ከሆነ ሆቴል ውስጥ የሚሠራውን፣ ነርስ የሚቀጥሩ ከሆነ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራውን። በዕድሜም ሆነ በሥራ የሚበልጥዎን ሰው ሲያነጋግሩ በአንቱታ ይጀምሩ፤ እርሱ ራሱ «አንተ በለኝ» ወይም «አንቺ በይኝ» ካለ በኋላ መቅረብ ይቻላል። የሊንክድኢን ወይም የቴሌግራም አድራሻ በስልክ መለዋወጥ ከካርድ ይቀላል፤ ግን ከተለያያችሁ በኋላ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስለ ምን እንደተነጋገራችሁና ምን ለመላክ ቃል እንደገባችሁ ይጻፉ፤ ካልተጻፈ በነጋታው ሰውየውንና ጉዳዩን ማያያዝ ያቅታል። በማሳያ ጠረጴዛዎች በኩል ሲያልፉም የሶፍትዌር ሻጮችን ዋጋውን ብቻ አይጠይቁ፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆንና አመልካቾች ያስገቡት መረጃ የት እንደሚቀመጥ ይጠይቋቸው።

ማታ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር መንሸራሸር የከተማው ወግ ነው። ከአዳራሹ የተዋወቋቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች ይዘው ወደዚያ ይውረዱ፤ የቀኑን ገለጻ ከራሳቸው መሥሪያ ቤት ጋር እያመሳከሩ ሲነጋገሩ የሰሙት ነገር መልክ ይይዛል።

ከተመለሱ በኋላ

ሪፖርቱን በሦስት ቀን ውስጥ፣ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ ያቅርቡ። ተናጋሪዎቹ ያሉትን በቅደም ተከተል መዘርዘር አያስፈልግም፤ ይዘውት የሄዱትን ጥያቄ፣ ያገኙትን መልስና በቀጣዩ ቅጥር ላይ የሚለውጡትን አንድ ነገር ይጻፉ። አንድ ነገር የምለው በጥንቃቄ ነው፤ ቋንቋውንም፣ ቻናሉንም፣ ቅጹንም በአንድ ጊዜ ከለወጥን ውጤቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይቻልም።

ሙከራውን እንዲህ ያዘጋጁት። ለሚቀጥለው ክፍት የሥራ ቦታ ጎግል ፎርምን በመሰለ መሣሪያ አንዱን የማመልከቻ ቅጽ በሦስት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን ሊንክ በቴሌግራም ቻናል፣ ሁለተኛውን በሊንክድኢን፣ ሦስተኛውን ለራስዎ ሠራተኞች እንዲያሰራጩት ይስጡ። በሦስቱም ቅጾች ላይ «ማስታወቂያውን የት አዩት?» የሚል ጥያቄ ይጨምሩ፤ ሊንክ ከቦታ ቦታ ስለሚተላለፍ ማመልከቻው የመጣበትን ሊንክና የአመልካቹን መልስ ማስተያየት ያስፈልጋል። በማስታወቂያው አናት ላይ፣ ገና ስለ ድርጅቱ ታሪክ ከመጻፍዎ በፊት፣ ግዴታ የሆኑትን መስፈርቶች፣ የሥራውን ቦታና ቢቻል የደመወዙን መጠን ያስቀምጡ፤ «በስምምነት» የሚለው ቃል የማይስማማውን ሰው ሁሉ እስከ ቃለ መጠይቅ ድረስ ይዞ ይመጣል። የመጡትን ማመልከቻዎች በኤክሴል ላይ በመጡበት መንገድ ለይተው፣ ከላይ በጠቀስኳቸው አምስት ቁጥሮች ቅደም ተከተል ይመዝግቧቸው፤ በመጨረሻም የተቀጠረው ሰው የሙከራ ጊዜውን መጨረሱን የሚያሳይ አንድ ባዶ ዓምድ ይተዉ።

ከዚያ ሠራተኛው ይቀጠርና ሥራ ይጀምራል። 60ኛው የሥራ ቀን ሲደርስ የመጨረሻውን ዓምድ ይሙሉ፣ ከዓመቱ ፋይል ካወጡት የመጀመሪያ ገጽ ጋርም ያስተያዩት፤ በዚያው ቀን በሐይቁ ዳር አብረውዎት ለተንሸራሸሩት ባልደረባ ደውለው ውጤቱን፣ ባይሳካም እንኳ፣ ይንገሯቸውና የእርሳቸውንም ይጠይቁ።